ሰማያዊና ነጭ ላዳ በ1/24፦ ከሜትሩ ልኬት እስከ አቧራዋ ድረስ

ሞዴል መኪና መሥራት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኪቱ የት ይገኛል?" ብሎ ነው። እንደ ታሚያ ወይም ሬቨል ያሉ የሞዴል አምራቾች ያሸጉትን ኪት (ለመገጣጠም የተዘጋጁ ክፍሎች) ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ደስ ይላል፣ ተቀበሉ። ከሌለ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ባለች አንዲት ጠረጴዛ ላይ፣ ከማስታወቂያ ቤት ቁርጥራጭና ከፎቶ ኮፒ ቤት ፕላስቲክ ሙሉ መኪና ይሠራል። ያውም ስሟን በማናውቃት የውጭ ስፖርት መኪና ፈንታ፣ ተሳፍረንባት ያደግናት መኪና።

የምንሠራው ላዳ ነው። አንደኛ ነገር፣ ቅርጿ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ይመቻል፤ ክብ ክብ የሆነችው ቮልስ ለጊዜው ትቆይ። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጣል። ላዳ ታክሲ ከመንገዳችን እየጠፋች ነው። ዛሬ ሰፈራችሁ ውስጥ ሜትር ይዛችሁ የምትለኳት አንዲት አትጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ግን ለመለካት እንኳ ፍለጋ መውጣት ይመጣል። ስለዚህ ሞዴሉን ነገ ብትሠሩትም ልኬቱን ዛሬ ውሰዱ።

የትኛዋ ላዳ?

ላዳ አንድ አይደለችም። መነሻዋ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ ባቆመችው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 2101 የምትባለው ሞዴል መመረት ጀመረች። ከፊት ሁለት ክብ መብራት ካላት 2101 ናት ማለት ነው። አራት ክብ መብራት ካላት 2103 ወይም 2106፣ አራት ማዕዘን መብራት ካላት ደግሞ 2105 ወይም 2107። ሁለቱን የሚለየው የ2107 የሚያብረቀርቅ ትልቅ የፊት ግሪል ነው። ታክሲ ሆና የኖረች መኪና ደግሞ ኮፈኗም መብራቷም ተቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ "ላዳ በአጠቃላይ" ብላችሁ አትነሱ። አንድ የተወሰነች መኪና ምረጡና እሷኑ ሥሩ። እዚህ የምሰጣችሁ ቁጥር የ2101 ነው።

ልኬት፦ ሥራው ግማሹ እዚህ ነው

1/24 ማለት እውነተኛውን ልክ ለ24 ማካፈል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። 1/24ን የመረጥኩት ውስጡን ለመሥራት የሚበቃ ስፋት ስላለው፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይም ስለሚቀመጥ ነው። 1/43 በጣም ያንሳል፣ 1/18 ደግሞ ቁሳቁስ ይበላል።

የላዳ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2,424 ሚሊሜትር ነው። ለ24 ስታካፍሉት ልክ 101 ሚሊ ይመጣል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፣ ሁሉም ነገር የሚለካው በእሱ ነው። ርዝመቷ 4,073 ስለሆነ 170 ሚሊ ትሆናለች፤ ስፋቷ 1,611 ስለሆነ 67፤ ከፍታዋ 1,440 ስለሆነ 60። የግራና የቀኝ ጎማ መሐል ለመሐል ያላቸው ርቀት ከፊት 1,349፣ ከኋላ 1,305 ነው፤ በእኛ ልክ 56 እና 54። ጎማዋ ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ነው፣ ከነጎማው 24 ሚሊ ገደማ ዲያሜትር ይሰጣችኋል።

የቀረውን ራሳችሁ ለኩ። ሾፌሩ ወረፋ ይዞ ሲቀመጥ ጠጋ በሉና "ጋሼ፣ የዚችን መኪና ትንሿን ልሠራ ነው፣ ልለካት?" በሉት። ሻይ መጋበዝ አይከፋም። በሥራው መሐል አታስቸኩሉት እንጂ አብዛኛው ሾፌር ስለ መኪናው ማውራት ይወዳል፣ የትኛው በር እንደተቀየረ፣ ኮፈኑ ከየት እንደመጣ ሁሉ ይነግራችኋል፤ ያን ጻፉት፣ በኋላ ቀለም ስትቀቡ ትፈልጉታላችሁ። የሚለካው የኮፈኑ ርዝመት፣ ከመሬት እስከ መስኮቱ ሥር ያለው ከፍታ፣ የእያንዳንዱ በር ስፋት፣ የኋላ ባጋጅ ክዳን፣ የጎማው ቅስት ከፍታ፣ የፊትና የኋላ መስታወት የላይና የታች ስፋት ነው። የኪስ ደብተር ላይ መኪናዋን በእጅ ሥላችሁ ቁጥሩን እዚያው ሥዕሉ ላይ ጻፉት። ዝርዝር ብቻ ከጻፋችሁ ቤት ስትገቡ የቱ የምን እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ከዚያ ፎቶ። ጠጋ ብላችሁ ካነሳችሁ አፍንጫዋ ይተልቅና ጅራቷ ያንሳል። አሥር ሜትርም ከዚያ በላይም ራቁና ዙም አድርጉ፤ ስልኩን በመኪናዋ ወገብ ቁመት ያዙት፤ ፊት ለፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን አንሱ። የጎኑን ፎቶ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና የጎማ መሐል ለመሐሉን በማስመሪያ ለኩ። 84 ሚሊ ከመጣ፣ ልጁን "120 ፐርሰንት አሳድግልኝ" በሉት፤ 101 ይሆናል። አሁን በእጃችሁ ያለው ወረቀት የመኪናችሁ ትክክለኛ ንድፍ ነው። አምስት ስድስት ኮፒ አስወጡ፣ ይቆራረጣል።

ቁሳቁሱ

ዋናው ነገር ፎሬክስ ነው፣ ማስታወቂያ ቤቶች ጽሑፍ የሚለጥፉበት ነጭ ቀላል ሰሌዳ። 3 ሚሊውን ፈልጉ። ቁርጥራጩን ይጥሉታል፣ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ወይም በትንሽ ብር ይሰጣል። ከእሱ ሌላ 1 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ ይህን መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ከተሰባበረ ዕቃ ውስጥ መልቀም ይቻላል። ግን ተጠንቀቁ፣ ማጣበቂያም ቀለምም የማይዘው ፕላስቲክ አለ። ትንሽ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ተዉት፣ ያ የባልዲና የፌስታል ዘር ነው። ከሰመጠ ይሆናል። ፎሬክስን ግን በዚህ አትፈትኑት፤ ውስጡ አየር ስላለ ምንጊዜም ይንሳፈፋል፣ ሆኖም ሱፐር ግሉም ቀለምም አሳምሮ ይይዛል።

ለመስታወት ፎቶ ኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚጠቀሙበትን ግልጽ ፕላስቲክ አንድ ቅጠል ግዙ። ከዚህ ሌላ ካተር ከነትርፍ ምላጩ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ሱፐር ግሉ፣ ነጭ ኮላ፣ የጋራዥ ስቱኮ፣ ከ240 እስከ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ስፕሬይ ቀለም። ይኸው ነው። ገንዘባችሁን ምላጭ ላይ አትቆጥቡ፤ የደነዘዘ ምላጭ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ደግሞ ጣት ላይ ያርፋል።

ቦዲውን ማቆም

የጎኑን ንድፍ ከመስኮቱ በታች ያለውን ብቻ ቁረጡና ፎሬክሱ ላይ ለጥፉት። በአንድ ምት አትቁረጡ። ማስመሪያውን አስደግፋችሁ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ተመላለሱበት። ሁለቱን ጎኖች ከቆረጣችሁ በኋላ አንድ ላይ በፕላስተር እሰሯቸውና ጠርዛቸውን አብራችሁ ሞርዱ፣ ያኔ ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል።

ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ስለሆኑ ወለሉ 67 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 61 ሚሊ ስፋት ይኑረው። ወለሉን በሁለቱ ጎኖች መካከል አስገቡ። አራት ግድግዳ በወርድ ትከሉ፦ ከፊት ጫፍ፣ ከሞተር ክፍሉ ኋላ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከኋላ ጫፍ። ቀጥ ማለታቸውን በአንድ ማዕዘኑ ትክክል በሆነ ነገር፣ በክብሪት ቀፎም ቢሆን፣ ተመልከቱ። ሱፐር ግሉ ከያዘ በኋላ ማስተካከል የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በነጥብ ያዙት፣ አይታችሁ ስታበቁ ሙሉውን አጣብቁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ነገር አለች። የፊት ጎማዎቹ መሐል ለመሐል 56 ናቸው፣ ጎማው 6 ሚሊ ይወፍራል፣ ስለዚህ ውጭ ለውጭ 62 ይሆናል። በጎኖቹ መካከል ያለው ግን 61 ነው። አይገባም! መፍትሔው በቅስቱ ዙሪያ የጎኑን ውስጥ እስከ 1.5 ሚሊ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ነው። ይህን ወለሉን ከማጣበቃችሁ በፊት አድርጉት፣ በኋላ እጅ አያስገባም።

ኮፈኑን፣ የባጋጁን ክዳንና ጣሪያውን ሁለት ፎሬክስ ደርባችሁ አጣብቁ። ላዳ ጠፍጣፋ ትመስላለች እንጂ ጣሪያዋም ኮፈኗም ለስለስ ያለ ጉብታ አላቸው። ድርቡ ያን ለመሞረድ ሥጋ ይሰጣችኋል። በ240 ጀምሩ፣ በ400 ጨርሱ። በየመሐሉ መኪናዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራችሁ ጥላውን ተመልከቱ፣ ከጣት ይልቅ ጥላ ጉድለቱን ያሳያል።

የመስኮቶቹን ፍሬም ከ1 ሚሊው ፕላስቲክ ቁረጡ። ፎሬክስ እዚህ አይሆንም፣ ምሰሶዎቹ ወፍረው መኪናዋን ከባድ ያስመስሏታል። ላዳን ላዳ የሚያሰኛት የምሰሶዎቿ ቅጥነትና የመስታወቷ ብዛት ነው። በዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጎንዋ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ ወደ ውስጥ በትንሹ ያዘነብላል፤ ከፊት ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ምን ያህል እንደሆነ በማስመሪያ ማየት ትችላላችሁ።

የፎሬክስ የተቆረጠ ጠርዝ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ቀለም ይጠጣል። ጠርዙን ሁሉ በስሱ ሱፐር ግሉ ቀቡና ሲደርቅ ሞርዱት፣ ከዚያ ክፍተቱን በስቱኮ ድፈኑ። ስቱኮውን ከማድረቂያው ጋር የምታዋህዱት ጥቂት ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይደርቃል።

የበሩን መስመር ለመጨረሻ አቆዩት። በእውነተኛዋ መኪና በበርና በቦዲ መካከል ያለው ክፍተት 5 ሚሊ ቢሆን በእኛ ልክ 0.2 ሚሊ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቀጭን ይሁን። መርፌ እንጨት ላይ ትከሉና በማስመሪያ እየመራችሁ በጣም በቀላሉ ደጋግሙ። ሰፊ መስመር ሞዴሉን ወዲያው መጫወቻ ያስመስለዋል።

ጎማና ቸርኬ

ሁለት ባለ 24 ሚሊ ክብ ከፎሬክስ ቁረጡና ደርቡ፤ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ጎማ ሆነ። መሐሉን በስታችሁ ብሎን አሳልፉበትና መሰርሰሪያ ላይ እሰሩት፣ ሲሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት አስጠጉት፣ ፍጹም ክብ ይሆናል። መብራት ከጠፋ በእጅ እያዞራችሁም ይሠራል፣ ይረዝማል እንጂ። ጥቁር ቀለም ስትቀቡ ደማቁን ጥቁር ተዉት፤ የመንገድ ጎማ ወደ ግራጫ ያደላል። ቸርኬው 14 ሚሊ ክብ ነው፣ ከቀጭኑ ፕላስቲክ። አክሱሉ ከብስክሌት ቸርኬ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ያለቀ ወፍራም እስክሪብቶ የቀለም ቱቦ ውስጥ ካሳለፋችሁት መኪናዋ ትነዳለች።

ቀለም

ከቀለም በፊት ፕራይመር፣ ከሥር የሚነፋው መደብ ቀለም። ግራጫ ፕራይመር ስትነፉባት ያላያችሁት ጭረት ሁሉ ይወጣል። አትደንግጡ፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ፕራይመር። 800 ቁጥሩን ውሃ እያስነካችሁ ተጠቀሙ፤ አቧራውም ወደ ሳንባ አይገባም።

እኛ ሰፈር በበጋ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ በክረምት እርጥበቱ ቀለሙን ያጨፈግገዋል፣ ላዩ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይቀራል። የሚሻለው ዝናብ የሌለበት ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ሳይነሳ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። በረንዳ ላይ ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስቀምጡ፣ ወለሉን በውሃ እርጩት፣ አቧራ አይነሳም። ማስክ አድርጉ። አጠገባችሁ የከሰል ምድጃ ወይም እሳት እንዳይኖር፣ ስፕሬይና ቲነር ይቀጣጠላሉ። የስፕሬዩን ቆርቆሮ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ የሞቀ ቀለም ደቅቆ ይወጣል። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ በፈላ ውሃ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል።

ቀድሞ ነጩ። ጣሪያውን ነጭ ንፉና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ከዚያ ጣሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍር አጥብቃችሁ ተጫኑት። በጠርዙ ላይ መጀመሪያ ያንኑ ነጭ በስሱ ንፉ። ሊያፈስ የሚችለውን ቀዳዳ ነጩ ይደፍነዋል፣ ሰማያዊው ሲመጣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሰማያዊውን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ርቀት፣ ከመኪናዋ ውጭ ጀምራችሁ ውጭ ላይ እየጨረሳችሁ ንፉ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ ብቻ ይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የሚቸኩል ሰው ቀለሙ ይንጠባጠብበታል፣ የበሩም መስመር ይደፈናል።

ሰማያዊው ልክ አልመጣ ካለ ሰፈራችሁ ያለ ጋራዥ ሂዱ። ቀለም ቀቢው ታክሲ ከቀባ የተረፈች ጥቂት ቀለም ካለው በመንፊያው ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይነፋላችኋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ የሱ ቀለም ናይትሮ (ቶሎ የሚደርቀው የጋራዥ ቀለም) ከሆነና እናንተ ከሥር የዘይት ቀለም ከቀባችሁ ይጨማደዳል። በተቃራኒው ችግር የለም።

መስታወትና የሚያብረቀርቀው

መስታወቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ። እንፋሎቱ ግልጹን ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል፣ አይለቅም። ነጭ ኮላ ተጠቀሙ፣ ሲደርቅ አይታይም። ለፊት መብራት የክኒን ማሸጊያ ፈልጉ። የላዳዋ ክብ መብራት በእኛ ልክ 7 ሚሊ ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ የትንሽ ክብ ክኒን ጉብታ ልክ ይገጥማል። ከኋላው ፎይል ለጥፉ። ፓራውልቱንም በቀጭን ፎይል አልብሱት፣ በጥጥ እያሻሻችሁ እንዲጣበቅ አድርጉ፤ የብር ቀለም ያን ብርሃን አይሰጥም።

ውስጧን ብዙ አላስረዝምም። ወንበሮቹን ከፎሬክስ ጠርቡ፣ መሪውን ከመዳብ ሽቦ አዙሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ያቺን ጸጉራም ጨርቅ አልብሱለት፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጥቂት ክር ተላጭቶ ይበቃል። ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ ካላት ከመዳብ ሽቦ ሥሩት። የለመድነው የላዳ ታክሲ ታርጋ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ ቀይ ነው፣ ኮድ 1፤ ፎቶውን አሳንሳችሁ አሳትሙ፣ ግን የሰው እውነተኛ ቁጥር አታውጡ፣ አንዱን አሃዝ ቀይሩ።

የኖረች መኪና ማድረግ

ብዙ ሰው ቀለሙ ሲያምርለት እዚህ ያቆማል። እኔ አልስማማም። አዲስ የምታበራ ላዳ ታክሲ አላየንም፣ ለማን ነው የምትሠሩት? ሾፌሩ የነገራችሁን ደብተር አውጡ። የተቀየረ በር ካላት ያንን በር ብቻ ሰማያዊው ላይ ትንሽ ነጭ ጨምራችሁ ቀቡት። እውነተኛ ታክሲ ላይ የበር ቀለም ከቦዲው ጋር እምብዛም አይገጥምም፣ ይህ አንድ ነገር ብቻ ሞዴሉን ሕይወት ይሰጠዋል። ስፖንጅ ቅደዱና ጫፉን ጥቁር ቡናማ ቀለም ውስጥ ነክራችሁ፣ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ፣ የጎማ ቅስቱንና የበሩን የታች ጠርዝ ነካ ነካ አድርጉ። ዝገት ከላይ አይጀምርም፣ ውሃ ከሚቆምበት ነው። በበሩ እጀታ ዙሪያ ደግሞ ዝገት ሳይሆን የቀለም መላላጥ ነው የሚታየው፣ እዚያ በ2000 ቁጥር ቀለሙን በስሱ አሳሱ።

አቧራው ከደጃችሁ ይገኛል። የእኛ ሰፈር መረሬ አፈር ሲደርቅ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ጥቂቱን በሻሽ ንፉና እንደ ዱቄት ሲደቅ በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በጥብጣችሁ ከጎማዎቹ ኋላና ከሥሯ ላይ በደረቅ ብሩሽ ቀቡት። ከወገቧ በላይ ግን ደረቁን ዱቄት ብቻ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያው የሚደርስበትን ግማሽ ክብ ንጹሕ ተዉ። ለዚህ ፕላስተር በክብ ቆርጣችሁ ቀድማችሁ መለጠፍ ይቀላል።

ስትጨርሱ ከፀሐይ ራቅ ባለ ቦታ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጧት፤ የጨመራችሁት አቧራ ልኩን የጠበቀ ነው፣ የቤቱ አቧራ ግን ለዚህ ልክ ይወፍራል። የወረቀት ንድፎቹን፣ የሾፌሩን ማስታወሻና የቁጥሮቹን ደብተር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ያዙ። የ2107ም የጎማ መሐል ለመሐል ያው 2,424 ስለሆነ፣ ቀጣዩዋን ስትሠሩ ወለሉን በዚያው ንድፍ ቆርጣችሁ፣ ፊቷንና ኋላዋን ብቻ ለክታችሁ ትቀጥላላችሁ።